የአነስተኛ ከተሞች ታላላቅ የትራንስፖርት ሥራዎች፦ የወጪያቸው ምንጭ ሲዳሰስ

የአንድ ድልድይ ርዝመት የሚወሰነው በሚሻገረው ወንዝ ስፋት እንጂ በከተማው ነዋሪ ብዛት አይደለም። የባቡር ሐዲድም ሆነ የአውቶቡስ ልዩ መስመር፣ መናኸሪያም ሆነ ቀለበት መንገድ ዋጋው በአብዛኛው የሚተመነው በመሬቱ አቀማመጥ፣ በአፈሩ ጥንካሬ፣ በብረት፣ በሲሚንቶና በሬንጅ ዋጋ ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ ሺሕ ሰው የሚኖርበት ከተማ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ገንዘብ አምስት ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ከተማ ከሚያወጣው የነዋሪው ቁጥር እንደሚያንሰው ያህል አያንስም፤ ወጪውን የሚጋራው ሰው ግን በሃያ አምስት እጥፍ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ተቆርሰው የሚገዙ አይደሉም። ግማሽ ድልድይ ማንንም አያሻግርም፤ ሲጠናቀቅ ብቻ ጥቅም የሚሰጥ ሥራ ደግሞ ገንዘቡን አስቀድሞና በብዛት ይፈልጋል። አነስተኛ ከተሞች ለታላላቅ የትራንስፖርት ፕሮጀክቶች እንዴት ይክፈሉ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ አለመመጣጠን ነው።

አነስተኛ ከተማ የሚባለው በየአገሩ የሚለካበት ሚዛን ይለያያል። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ50 ሺሕ እስከ 200 ሺሕ ነዋሪ ያላቸውን የከተማ አካባቢዎች በአንድ ምድብ ሲያስቀምጥ፣ ኮሎምቢያ ለመካከለኛ ከተሞች ያወጣችው የሕዝብ ትራንስፖርት መርሐ ግብር ከ250 ሺሕ እስከ 600 ሺሕ ነዋሪ ያላቸውን እንደ ፓስቶ፣ ፖፓያንና ሞንቴሪያ የመሳሰሉ ከተሞች ያቅፋል። በኢትዮጵያ እነ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጅማና ደሴ በነዋሪ ቁጥር ከእነዚህ ጋር የሚነጻጸሩ ቢሆኑም፣ ከዋና ከተማዋ ጋር ሲተያዩ የገቢያቸው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ በዚሁ ጥያቄ ሥር ይወድቃሉ።

ወደ ዝርዝሩ ከመገባቱ በፊት ሁለት ዓይነት ወጪዎችን መለየት ያስፈልጋል። የካፒታል ወጪ የሚባለው መንገዱን፣ ሐዲዱን፣ ጣቢያውንና ተሽከርካሪውን ለማግኘት አንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ነው፤ የሥራ ማስኬጃ ወጪ የሚባለው ደግሞ የሹፌሩ ደመወዝ፣ ነዳጁና ኤሌክትሪኩ፣ ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ የጥበቃውና የጽዳቱ ክፍያ፣ እንዲሁም በየጊዜው የሚደረገው ጥገና የሚጠይቀው፣ ፕሮጀክቱ እስካለ ድረስ በየዓመቱ የሚመላለስ ወጪ ነው። በዚህ ርዕስ ላይ የሚደረጉ ክርክሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያተኩሩት በመጀመሪያው ላይ ነው። በተለያዩ አገሮች የታየው ልምድ ግን አነስተኛ ከተሞችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ሁለተኛው መሆኑን ያሳያል፤ ለግንባታው ገንዘብ የሚሰጥ አካል ይገኛል፣ ለአሥራ አምስተኛው ዓመት ጥገና የሚሰጥ ግን ከራሱ ከከተማው ሌላ እምብዛም አይገኝም።

በሰፊው የተለመደው የገንዘብ ምንጭ ከበላይ የመንግሥት እርከን የሚመጣ ድጎማ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ለተሽከርካሪ ክፍት የሆነው የባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። 380 ሜትር ርዝመት ያለውና ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ የፈጀው ይህ ድልድይ ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለውን ጠባብ ድልድይ ሸክም የተረከበ ሲሆን፣ ወጪው የተሸፈነው በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በኩል በፌዴራሉ መንግሥት ነው። ይህም በቂ ምክንያት አለው። ድልድዩ የከተማዋን ሁለት ወገኖች የሚያገናኝ ቢሆንም፣ አዲስ አበባን ከጎንደርና ከመተማ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋ ስለሆነ የጭነት መኪናውም የአገር አቋራጭ አውቶቡሱም ይጠቀሙበታል፤ ጥቅሙ ለአገር የሆነ ሥራ ወጪው በአገር ትከሻ ላይ ቢያርፍ ፍትሐዊ ነው። ችግሩ ያለው ይህ ምክንያት በማይሠራበት ቦታ ነው። ከአውራ ጎዳናው የራቁት የሠፈር መንገዶች፣ ነዋሪው በየቀኑ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስባቸው መስመሮች፣ የፌዴራሉን መንግሥት የሚመለከቱ ስላልሆኑ ለከተማው ካዝና ይቀራሉ፤ ካዝናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

አሜሪካ የድጎማውን ጥያቄ የፈታችው በውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው «ስሞል ስታርትስ» የተባለው የፌዴራል መርሐ ግብር በተለይ ከትልልቅ ከተሞች ጋር መወዳደር ለማይችሉ መለስተኛ ፕሮጀክቶች የተከፈተ በር ሲሆን፣ አሁን ባለው ሕግ ጠቅላላ ዋጋቸው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆኑና ከመርሐ ግብሩ የሚጠይቁት 150 ሚሊዮን ዶላር የማይደርስ ሥራዎች ይስተናገዱበታል። በወቅቱ 150 ሺሕ ያህል ነዋሪ የነበራት የኮሎራዶዋ ፎርት ኮሊንስ በዚህ በር ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረውንና 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን «ማክስ» የተባለ ፈጣን የአውቶቡስ መስመር በ87 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስትሠራ፣ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን የሸፈነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የቀረው አንድ አምስተኛ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ይህ ማቺንግ ፈንድ የሚባለው፣ ድጎማ ተቀባዩ ከራሱ የሚያዋጣው ድርሻ፣ አስቀድሞ በእጅ ካልተያዘ ሰማንያው በመቶ ጨርሶ አይመጣም። ስለዚህ ድጎማው በመጨረሻ የሚደርሰው የራሱ ገቢ ላለው ከተማ ነው። ኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የብሔራዊው መንግሥት ድርሻ ከ40 እስከ 70 በመቶ እንዲሆን ስትደነግግ ያው ሐሳብ ነበራት፤ ከተማው ከኪሱ ያላወጣበትን ፕሮጀክት በጥንቃቄ አይመርጠውም፣ ከተገነባም በኋላ እንደ ራሱ ንብረት አይንከባከበውም።

ድጎማ ሲበዛ የሚያስከትለውን ጣጣ ከሞርጋንታውን በተሻለ የሚያሳይ ከተማ የለም ለማለት ይቻላል። በዌስት ቨርጂኒያ የምትገኘውን ይህችን 30 ሺሕ ያህል ነዋሪ ያላትን የዩኒቨርሲቲ ከተማ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት ለወደፊቱ ትራንስፖርት መሞከሪያ አድርጎ መረጣት፤ ያለ ሹፌር በኮምፒውተር የሚመሩ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ከፍ ብሎ በተሠራ የኮንክሪት መስመር ላይ የዩኒቨርሲቲውን ግቢዎች ከመሀል ከተማ ጋር እንዲያገናኙ ታቀደ። ሲጀመር ከ20 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠው ግምት ሥራው ሲያልቅ ከ120 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። እንዲህ ያለ ጭማሪ ወጪው ከነዋሪው ግብር የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሥራውን ባስቆመው ነበር። ሌላ አካል ይከፍል ስለነበረ ግን ንድፉ እየተለጠጠ፣ ጊዜው እየተጣደፈ ቀጠለ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1975 አገልግሎት የጀመረው ይህ ሥርዓት ዛሬም ይሠራል፤ የሚሠራበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ስለሆነና ከተማሪዎች በሚሰበሰብ የትራንስፖርት ክፍያ ስለሚደገፍ፣ ድጎማው ካለቀ በኋላ እንኳ በየሴሚስተሩ ሳይቋረጥ የሚገባ ገንዘብ አለው። በዚያው አገር ከ200 ሺሕ በታች ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ከፌዴራል መንግሥት የሚደርሳቸውን መደበኛ የትራንስፖርት ድጎማ ለሥራ ማስኬጃም እንዲያውሉ መፈቀዱ፣ ትልልቆቹ ግን በአብዛኛው ለካፒታል ወጪ ብቻ እንዲያውሉት መገደዳቸው፣ የሕጉ አውጪዎችም ይህን የትንንሾቹን ድክመት መረዳታቸውን ያሳያል።

ለዘላቂ የራስ ገቢ ጥያቄ እስካሁን የተሻለውን መልስ የሰጠችው ፈረንሳይ ናት። በዚያ አገር አሠሪዎች ከሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ ላይ የተወሰነ መቶኛ ለአካባቢያቸው የትራንስፖርት ባለሥልጣን የሚያስገቡበት የአሠሪዎች የትራንስፖርት መዋጮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በፓሪስ አካባቢ የተጀመረው ይህ መዋጮ በ1973 ወደ ሌሎች ትልልቅ ከተሞች ከተስፋፋ በኋላ፣ የነዋሪው ቁጥር መነሻ ደረጃ በደረጃ እየወረደ 10 ሺሕ ሰው የሚኖርባቸው ከተሞች ድረስ ደርሷል፤ ዛሬ 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች ሁሉ ይከፍሉታል። ጣሪያው እንደ ከተማው መጠን ይለያያል፤ ለትንንሾቹ 0.55 በመቶ ሲሆን፣ ከ100 ሺሕ ነዋሪ በላይ ያላቸው ትራም ወይም ልዩ የአውቶቡስ መስመር ለመሥራት ከወሰኑ እስከ 1.75 በመቶ ሊያደርሱት ይችላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመት 1 ሚሊዮን ዩሮ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት በከፍተኛው ተመን 17,500 ዩሮ ያስገባል፤ በአንድ አካባቢ ያሉት አሠሪዎች በድምሩ 2 ቢሊዮን ዩሮ ደመወዝ ቢከፍሉ ከተማው በየዓመቱ 35 ሚሊዮን ዩሮ ያገኛል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንደሚሆን ከሞላ ጎደል አስቀድሞ ስለሚታወቅና ለሌላ ጉዳይ ስለማይውል፣ ከባንክ ፊት ለቀረበ ከንቲባ የብድር ዋስትና፣ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ደግሞ ደመወዝ ይሆናል።

የመዋጮው ሥርዓት ምን እንዳስገኘ ለማየት በስዊዘርላንድ ድንበር አቅራቢያ የምትገኘውን ቤዛንሶንን መመልከት ይበቃል። ከአጎራባቾቿ ጋር ተደምራ 180 ሺሕ ያህል ነዋሪ የነበራት ይህች ከተማ በፈረንሳይ ሚዛን ለትራም ትንሽ ነበረች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 መገባደጃ ላይ 14.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና 31 ፌርማታዎች ያሉት መስመር ከፈተች። በአገሪቱ የተለመደው የትራም ወጪ በኪሎ ሜትር ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ በሆነበት ጊዜ የቤዛንሶን ወጪ 17 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከብዙ ትንንሽ ውሳኔዎች ነው። ትልልቆቹ ከተሞች ከሚገዟቸው ይልቅ አጫጭር፣ 23 ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ባለ ሦስት ክፍል ባቡሮች ታዘዙ፤ የፌርማታዎቹ ንድፍ ቀለል ተደረገ፤ ከሐዲዱ ጋር ያልተያያዘ የአደባባይ ማስዋብ ሥራ ተቀነሰ። ከተማው መጀመሪያ የጠየቀው በየዓመቱ ከሚገባው ገቢ ምን ያህል ዕዳ መሸከም እንደሚቻል ነበር፤ ንድፉ ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ተሠራ። ብዙ ከተሞች የሚሠሩት በግልባጩ ነው፤ ንድፉ አስቀድሞ ይጸድቃል፣ ገንዘቡ ኋላ ይፈለጋል።

መዋጮው ባለበትም ቢሆን የተሳሳተ መጠን መምረጥ ይቻላል። በማርሴይ አጠገብ ያለችውና 45 ሺሕ ያህል ነዋሪ ያላት ኦባኝ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትራም ለመሥራት ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2014 2.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ከፍታለች፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ሥልጣን የያዘው አዲስ አስተዳደር ቀሪውን ክፍል ሰርዞታል። ባቡሮቹ ለረጅሙ መስመር ታስበው ስለታዘዙ አጭሩ መስመር ከሚፈልገው በላይ ሆነዋል። ትልቅ ፕሮጀክት ከአንድ የምርጫ ዘመን በላይ ስለሚወስድ፣ ገቢው ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ስምምነቱም ከአንድ ከንቲባ ዕድሜ በላይ እንዲዘልቅ ሆኖ መታሰር እንዳለበት ኦባኝ ታስረዳለች።

ስምምነትን በሕዝብ ድምፅ ለማሰር የሞከረው ደግሞ የአሜሪካው የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የክፍለ ግዛቱ ሕግ አካባቢዎች ለአሥር ዓመት ብቻ የሚቆይ የአንድ በመቶ የሽያጭ ታክስ በሕዝበ ውሳኔ እንዲጥሉ ሲፈቅድ፣ ገንዘቡ የሚሠራቸው መንገዶችና ድልድዮች ዝርዝር አስቀድሞ ለመራጩ እንዲታወቅ አስገድዷል። በሐምሌ 2012 (እ.ኤ.አ.) 12 አካባቢዎች ድምፅ ሲሰጡ፣ አትላንታ ከነ አካባቢዋ ታክሱን ውድቅ ስታደርገው፣ ያጸደቁት ሦስቱ የመለስተኛዎቹ የአውጉስታና የኮሎምበስ ከተሞች አካባቢዎችና በአብዛኛው ገጠር የሆነ አንድ አካባቢ ነበሩ። ይህ ውጤት ብዙ ሊጠና የሚገባው ነው። በትንሽ ከተማ መራጩ ሊጠገን የታሰበውን መገናኛ በስሙ ያውቀዋል፣ ሥራው ተሠርቶ እንደሆነም በዓይኑ ያየዋል፤ መታመን ከቻለ ትንሽነት ታክስን ለማስቀበል ጉልበት ነው። የሽያጭ ታክስ ድሀውን ከገቢው አንጻር ከሀብታሙ የበለጠ የሚጫን መሆኑ ግን መታለፍ የሌለበት ጉድለቱ ነው። በዚህ ረገድ የእንግሊዟ ኖቲንግሃም ምርጫ የተሻለ ይመስላል፤ ከሚያዝያ 2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 11 እና ከዚያ በላይ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ለሠራተኞቻቸው የሚያቀርቡ አሠሪዎች በየቦታው ዓመታዊ ክፍያ እንዲከፍሉ አድርጋ፣ ገንዘቡን በ2015 ለተከፈተው የትራም ማስፋፊያና ለአውቶቡሶች አውላዋለች። መንገዱን የሚያጨናንቀው ለሕዝብ ማመላለሻው እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር ነው።

ሌላው ሰፊ ምንጭ መሬት ነው። መንገድ ሲያልፍ በአጠገቡ ያለው ቦታ ዋጋ ይጨምራል፤ ይህ ጭማሪ ባለይዞታው ደክሞ ያመጣው ስላልሆነ ከፊሉን ለመንገዱ ወጪ መመለስ ተገቢ ነው የሚለው ሐሳብ በኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በሕግ ሲሠራበት ኖሯል። «ባሎሪሳሲዮን» በሚባለው በዚህ አሠራር የአንድ መንገድ ወጪ ተሰልቶ፣ በሥራው ተጠቃሚ ለሚሆኑት ባለንብረቶች እንደ ቅርበታቸውና እንደ ይዞታቸው ስፋት ይደለደላል፤ ከሜዴሊን ሌላ እንደ ማኒሳሌስ ያሉ መካከለኛ ከተሞችም በሰፊው ተጠቅመውበታል። ይህን ለማድረግ ግን የትኛው ቦታ የማን እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነና ምን ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ወቅታዊ ካዳስተር፣ ማለትም የተሟላ የይዞታ መዝገብ፣ የግድ ያስፈልጋል። መዝገቡ በሌለበት ከተማ ድልድሉ ወዲያው ወደ ክርክርና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ከተሞች የመሬትን ዋጋ ወደ ገንዘብ የሚለውጡት ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሊዝ ሥርዓት ነው። ሊዝ ለብዙ ከተሞች ከፍተኛ የገቢ ምንጭ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በባሕርዩ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ቦታ አንድ ጊዜ የሚያስገኘው ገቢ ነው፣ ክፍያው በየዓመቱ ቢከፋፈልም እንኳ። በዚህ ገቢ መደበኛ ወጪን የሚሸፍን ከተማ ወጪው እንዳይጎድልበት በየዓመቱ አዲስ መሬት ማቅረብ፣ ለዚህም ወደ ዳር እየሰፋ የአርሶ አደሩን ማሳ መውሰድ ይኖርበታል፤ የሰፋው ከተማ ደግሞ በተራው ረዘም ያለ መንገድ፣ ረዘም ያለ የታክሲ መስመርና ከፍ ያለ የጥገና ወጪ ያመጣል። የሊዝ ገቢ ለካፒታል ሥራ መዋሉ ትክክል ነው። ለአውቶቡስ ነዳጅና ለአስፋልት ጥገና መዋሉ ግን ከተማውን ወደማይወጣበት አዙሪት ያስገባዋል።

ብድር በራሱ የገንዘብ ምንጭ አይደለም፤ ነገ የሚመጣን ገቢ ዛሬ መጠቀሚያ ነው። ገቢው ከሌለ ብድሩ የሚያፋጥነው ውድቀትን ብቻ ይሆናል። ገቢ ያላቸው አነስተኛ ከተሞች እንኳ ብቻቸውን ወደ ገበያ ሲወጡ የሚጠየቁት ወለድ ከፍ ይላል፣ ሰነድ የማዘጋጀቱ ወጪም ከብድሩ መጠን ጋር ሲነጻጸር ይበዛባቸዋል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው በጋራ መበደር ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986 በኦሬብሮ አካባቢ ያሉ ጥቂት ማዘጋጃ ቤቶች ያቋቋሙት «ኮሙኒንቬስት» አንዱ ለሌላው በጋራ ዋስ የሚሆንበት የብድር ተቋም ሆኖ አድጎ ዛሬ አብዛኞቹን የአገሪቱን ማዘጋጃ ቤቶች ያገለግላል፤ በሕንድ የታሚል ናዱ ግዛትም 13 ትንንሽ ከተሞች በ2002 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ለውኃና ለፍሳሽ ሥራ የጋራ ቦንድ አውጥተዋል። በኢትዮጵያ ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጮች የሚበደሩበትን ሁኔታ የመወሰን ሥልጣን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጠ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ የጋራ ተቋም ቢታሰብ መነሻው የፌዴራል ሕግ መሆን ይኖርበታል።

የውጭ ብድር የራሱ ተጨማሪ አደጋ አለው። አዲስ አበባ አነስተኛ ከተማ ባትሆንም ቀላል ባቡሯ ለእህቶቿ የሚሆን ትምህርት ይዟል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ሲፈጅ፣ 85 በመቶው የተገኘው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር ነው። ዕዳው በዶላር፣ የቲኬቱ ዋጋ ግን ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ መለዋወጫውም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የምንዛሪ ዕጥረቱ እየጠነከረ ሲሄድ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በዶላር የተበደረ አካል ምንም ሳይጨምር ዕዳው በብር ሲታሰብ በእጥፍ አደገ ማለት ነው። ይህን ጫና የፌዴራል መንግሥት እንኳ በጭንቅ የሚሸከመው ከሆነ፣ ገቢው ሁሉ በብር የሆነ የክልል ከተማ በምንም መልኩ ሊሞክረው አይገባም።

የግል ባለሀብትን ማሳተፍ ብዙ ጊዜ እንደ መውጫ ቢቀርብም፣ ባለሀብቱ ያወጣውን ከነትርፉ ከቲኬት ወይም ከከተማው በጀት መልሶ ስለሚወስድ የሚለወጠው የመክፈያው ጊዜ ነው። የፈረንሳይዋ ሬምስ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተውን ትራሟን ከ30 ዓመት በላይ በሚቆይ ውል ለግል ማኅበር ብትሰጥም፣ ከጀርባው ያው የአሠሪዎች መዋጮ ነበረ። ዓለም አቀፍ ድርጅት ከነጠበቆቹ በሚቀመጥበት የድርድር ጠረጴዛ ሁለት መሐንዲስና አንድ የሕግ ባለሙያ ይዞ የሚቀርብ ከተማ ውሉን በእኩል ዓይን ያነብበዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከሁሉም ርካሹ ምንጭ አለማውጣት ነው። ጃፓናዊቷ ቶያማ እ.ኤ.አ. በ2006 የከፈተችው የ7.6 ኪሎ ሜትር ቀላል ባቡር በአብዛኛው የተሠራው ተሳፋሪ እየራቀው በነበረ ነባር የባቡር ሐዲድ ላይ ሲሆን፣ አዲስ የተነጠፈው 1.1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የመሠረተ ልማቱን ወጪ የሕዝብ ገንዘብ ሲሸከም ኩባንያው ከተሳፋሪው በሚያገኘው የዕለት ሥራውን ብቻ እንዲያካሂድ ተደረገ፤ ይህም ማን ለምን እንደሚከፍል ግልጽ አድርጎታል። ለብዙ የኢትዮጵያ ከተሞችም ከባቡር በፊት የሚቀድመው ነባሩን መንገድ በሚገባ ማከፋፈል፣ ማለትም ለአውቶቡስና ለእግረኛ፣ እንደ ባሕር ዳር ባሉት ደግሞ ለብስክሌት፣ የራሱን ቦታ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጥያቄ ባዶ እጇን አይደለችም። በዓለም ባንክና በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ሲካሄድ የቆየው የከተሞች የተቋምና የመሠረተ ልማት ልማት መርሐ ግብር በሁለተኛው ምዕራፍ 44፣ በ2010ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ 117 ከተሞችን ሲያቅፍ፣ ገንዘቡን ከነዋሪው ቁጥርና ከከተማው አፈጻጸም ጋር በማያያዙ የሒሳብ መዝገባቸውን ያስተካከሉ፣ ኦዲት ያስደረጉና የራሳቸውን ገቢ ያሳደጉ ከተሞች የተሻለ ድርሻ የሚያገኙበትን ልማድ ተክሏል። በብዙ ከተሞች ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ያነጠፉት የኮብልስቶን መንገድ የዚህና የመሰል ፕሮግራሞች ፍሬ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ለጥገና የሚውል ቋሚ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ለከተሞች የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ሲሆን ከፍተኛው ድርሻ የሚሄደው ከከተማ ውጪ ወዳሉት መንገዶች ነው። የተሽከርካሪው ቁጥር በከተሞች ውስጥ እያደገ ባለበት በዚህ ጊዜ የክፍፍሉ መጠን እንደገና ሊታይ ይገባዋል።

የፈረንሳዩን መዋጮ እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ በኢትዮጵያ ከተሞች አብዛኛው ሠራተኛ በመደበኛ የደመወዝ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሆኖም ደመወዝ ከፋዮቹ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች ዛሬም ለትራንስፖርት እየከፈሉ መሆናቸው መታየት አለበት። የሚከፍሉት እያንዳንዳቸው በገዙት ወይም በተከራዩት ሰርቪስ ነው። ሰርቪሱ ጠዋት ሠራተኛውን አድርሶ እስከ ማታ ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ ማታ መልሶ ያደርሳል፤ በመካከሉ ባለው ቀን ሙሉ በዚያው መስመር የሚጠብቀው ሌላ ነዋሪ ባጃጅና ሚኒባስ ይጋፋል። ይህን የተበታተነ ወጪ ወደ አንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የሚያሰባስብ መዋጮ ቢመሠረት፣ በአሠሪው ላይ የሚጨምረው ጫና ትንሽ ሆኖ ከተማው በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ያገኛል። እንደ ሐዋሳ ብዙ ሠራተኛ በአንድ አቅጣጫ በሚጓዝበት ከተማ ይህን ሙከራ መጀመር ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ተስፋ የሚጣልበት በጥር 2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ነው። በመሬት ይዞታና በሕንፃ ላይ በየዓመቱ የሚከፈል ታክስ፣ ከሊዝ በተለየ፣ ተመላላሽ ገቢ ነው፤ የመንገዱን ጥቅም ካገኘው ንብረት ስለሚሰበሰብም ከፍትሕ አንጻር ይደገፋል። አተማመኑ ግልጽ ካልሆነ ግን በጡረታ አበል የሚኖሩትን ባለ አሮጌ ቤቶች ሊያስጨንቅ ስለሚችል፣ የቤቱን ግምት የሚያስረዳና ቅሬታ የሚሰማ ጽሕፈት ቤት በየክፍለ ከተማው አብሮ መከፈት አለበት። ክልሎች የማስፈጸሚያ ሕጎቻቸውን ሲያወጡ ከዚህ ገቢ የተወሰነው መቶኛ ለትራንስፖርት ጥገናና ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲውል ቢደነግጉ፣ ቀጣዩን ድልድይ ወይም መስመር ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከንቲባ ማቺንግ ፈንዱንና የሃያ ዓመት የጥገና በጀቱን በአንድ ሰነድ ይዞ መቅረብ ይችላል።